ዝንብ የሞትን ቀን እንዴት ይቆጥራል? ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ ግርጌ

በስሜን ተራሮች ግርጌ አንድ ሰው ከገበያ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ከቀናት ፍለጋ በኋላ አስከሬኑ ከገደል ሥር ቢገኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መቼ ሞተ?» የሚለው ነው። የሞቱ ቀን ከታወቀ፣ በዚያ ቀን አብሮት የዋለው፣ በመንገድ ያገኘውና የተጣላው ሰው ይታወቃል። ቀኑ ከተሳሳተ ግን ጥርጣሬው በቦታው ባልዋለ ሰው ላይ ያርፋል። ደም መመላለስ ፈጽሞ ባልጠፋበት አገር ደግሞ የተሳሳተ ጥርጣሬ ሁለተኛ አስከሬን ሊያስከትል ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ምስክሮች አንዱ ሁላችንም የምንጸየፈው ዝንብ ነው። በአስከሬን ላይ የሚያድጉ ነፍሳትን ዕድሜ በመቁጠር ሰው የሞተበትን ጊዜ የሚገምተው የምርመራ ዘርፍ ፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ቆጠራው እንዴት እንደሚሠራ፣ በደባርቅ ደጋና በአዲ አርቃይ ሙቀት ለምን እንደሚለያይ፣ እንዲሁም አስከሬን ያገኘ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያስረዳል።

ከአውጫጭኝ እስከ ማጭዱ

በአገራችን የወንጀል ፈጻሚው ማንነት ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ የሚቆይበት ሥርዓት ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። ሥርዓቱ የሚመካው በሰው አንደበት ነው፤ ያየ ይናገራል፣ የሰማ ያወጣል። አንደበት ግን ይፈራል፣ ይረሳል፣ ለወገን ያደላል።

ቻይናዊው ዳኛ ሶንግ ጹ እ.ኤ.አ. በ1247 በጻፈው የምርመራ መጽሐፍ፣ አውጫጭኝን የሚመስል ሆኖ ምስክሩ ግን ሰው ያልሆነበትን ታሪክ አስፍሯል። አንድ ሰው በመንገድ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ቁስሉ የማጭድ ነው። ንብረቱ ስላልተነካ መርማሪው ገዳዩ ቀማኛ ሳይሆን ቂመኛ መሆኑን ጠረጠረ። የመንደሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ሁሉ አምጥተው በመሬት ላይ እንዲደረድሩ አዘዘ። ቀኑ ሞቃት ነበርና ዝንቦች መጥተው ከተደረደሩት መካከል በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ። በዓይን የማይታይ የደም ርዝራዥ ሽታ ስቧቸው ነበር። የማጭዱ ባለቤት መርማሪው ሲጠይቀው ድርጊቱን አመነ።

በዚያ ታሪክ ዝንቡ የመሰከረው ስለ መሣሪያው ነው። ዛሬ ከዝንቡ የሚፈለገው ሌላ ነገር፣ ጊዜው፣ ነው።

የዝንቡ የዕድሜ ደረጃዎች

ሰው ከሞተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሐኪም ጊዜውን የሚገምተው በአካሉ መቀዝቀዝ፣ በመገተሩና በደሙ መርጋት ነው። ከዚያ በኋላ እነዚህ ምልክቶች ይጠፋሉ። ነፍሳት የሚያስፈልጉት ከዚህ በኋላ ነው።

ቀድመው የሚደርሱት የጥንብ ዝንቦች ናቸው። ሰውነታቸው እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ቀኑ ሞቃትና ብሩህ ከሆነ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። እንቁላላቸውን በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍና በቁስል ላይ ይጥላሉ። በግ የሚያረባ ገበሬ ይህን ባሕርይ ያውቀዋል፤ የቆሰለች በግ በወቅቱ ካልታከመች ቁስሏ ትል የሚያወጣው እንደዚህ ካሉ ዝንቦች ነው።

እንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሲፈለፈል ትል ይወጣል። ትሉ ሁለት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ በሦስት የዕድገት ደረጃዎች ያልፋል። ባለሙያ በማጉያ መነጽር ሲመለከት በትሉ የኋላ ጫፍ ያሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ደረጃውን ይነግሩታል፤ በሁለተኛው ደረጃ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ስንጥቆች፣ በሦስተኛው ደግሞ ሦስት ይታያሉ። ጠግቦ የጨረሰ ትል ወደ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ጠግቦ የጨረሰው ትል አስከሬኑን ትቶ ይሄዳል። ሜትሮችን ተጉዞ ከድንጋይ ሥር ወይም ከለሰለሰ አፈር ውስጥ ይገባል። በዚያም ቆዳው ደርቆ የስንዴ ቅንጣት የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ይሆናል፤ ይህ ደረጃ ፑፓ ይባላል። በመጨረሻ ቅርፊቱን ሰብሮ ክንፍ ያለው ዝንብ ይወጣል።

ስለዚህ በአስከሬኑ ላይ የሚታየው ትል ሁልጊዜ ትልቁ ምስክር አይደለም። ከሁሉ ቀድሞ የተወለደው ቀድሞ ጠግቦ ሄዷል። በዙሪያው ያለውን አፈር ያልፈተሸ መርማሪ ታናናሾቹን ብቻ ቆጥሮ የሞቱን ቀን ወደ ቅርብ ያመጣዋል።

ሰዓቱን የሚዘውረው ሙቀት ነው

ዝንብ የራሱ የሆነ የሰውነት ሙቀት የለውም። አካባቢው ሲሞቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ከተወሰነ ዲግሪ በታች ሲሆን ዕድገቱ ይቆማል። በአረንጓዴው የጥንብ ዝንብ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዝንብ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲበቃው፣ በ15 ዲግሪ አካባቢ ግን ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል።

ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ቀንን ብቻ ሳይሆን የሙቀት ድምርን ነው። ከየዕለቱ አማካይ ሙቀት ላይ ዝንቡ ማደግ የሚያቆምበትን ዲግሪ ይቀንሳሉ፤ የተረፈውንም በየቀኑ ይደምራሉ። ድምሩ ለዚያ ደረጃ የሚያስፈልገው መጠን ላይ ሲደርስ፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ እንቁላሉ የተጣለበት ቀን ይገኛል።

ነገሩን ለማስረዳት ቀላል ቁጥር እንውሰድ። አንድ ዝንብ ከ10 ዲግሪ በታች አያድግም፣ ትሉ እስኪጠግብም 60 የሙቀት ድምር ያስፈልገዋል እንበል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዕለቱ አማካይ ሙቀት 14 ዲግሪ ቢሆን፣ በየቀኑ የሚጠራቀመው 4 ነው። ስልሳው የሚሞላው በ15 ቀን ነው።

አሁን ደግሞ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አዲ አርቃይ አቅጣጫ እንውረድ። ከፍታው 1 ሺህ ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይጨምራል። አማካዩ 20 ዲግሪ ከሆነ በየቀኑ የሚጠራቀመው 10 ነው፤ ስልሳው በ6 ቀን ይሞላል። ያው ትል፣ ያው ርዝመት፣ ያው ደረጃ፤ ነገር ግን በደጋው 15 ቀን፣ በታችኛው 6 ቀን።

በመካከላቸው ያለው የዘጠኝ ቀን ልዩነት ለተጠርጣሪ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የቆላውን ስሌት ለደባርቅ ያዋለ መርማሪ «ሟቹ የሞተው ከስድስት ቀን በፊት ነው» ብሎ፣ በስድስተኛው ቀን በአካባቢው የታየውን ንጹሕ ሰው ሊይዝ ይችላል። ከዐሥራ አምስት ቀን በፊት የነበረው እውነተኛ ፈጻሚ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት እንደዋለ የሚመሰክሩለት ሰዎች ይዞ ይቀርባል።

በዳባትና በደባርቅ መካከል እንኳ የከፍታ ልዩነት አለ። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ወጥቶ ሳንቃበርንና ጭነቅን ያለፈ ሰው ደግሞ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ይደርሳል። በዚያ ትሉ ቀን በፀሐይ ያድጋል፣ ሌሊት እንደታሰረ ያድራል። ፀሐይ የሚመታው ተዳፋትና ቀኑን ሙሉ ጥላ የሚያርፍበት ገደል፣ አጠገብ ለአጠገብ ቢሆኑም፣ ሙቀታቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ በአቅራቢያ ካለ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የተገኘ መዝገብ መነሻ ይሁን እንጂ ብቻውን አይበቃም። ባለሙያዎች አስከሬኑ በተገኘበት ቦታ ላይ መለኪያ አስቀምጠው ለተከታታይ ቀናት ሙቀቱን ይመዘግባሉ፤ ከጣቢያው መዝገብ ጋር አነጻጽረውም ስሌቱን ያርማሉ።

የዝንቡ ዓይነትም ይለያል። አንዳንዱ ቅዝቃዜ ይወዳል፣ አንዳንዱ ሙቀት። በደጋ የተገኘ አስከሬን የቆላ ዝንብ ትል ከያዘ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ ሞቶ ወደዚያ ተጓጉዞ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል።

ስኮትላንድ ውስጥ በቀዝቃዛ ገደል የተገኘው

እንደ ስሜን ያለ ተራራማና ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ዝንብ ያገዘው አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1935 በስኮትላንድ ሞፋት በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ከድልድይ ሥር ባለ ገደላማ ጅረት ውስጥ የተቆራረጡ የሰው አካላት ተገኙ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ ተበላሽተው ነበር።

ከአካላቱ ላይ የተሰበሰቡት ትሎች በግላስጎ ለነበሩት ለዶክተር አሌክሳንደር ሚርንስ ተላኩ። እሳቸውም የዝንቡን ዓይነት ለይተው ትሎቹ ከ12 እስከ 14 ቀን የሆናቸው መሆኑን ገመቱ። ይህም አካላቱ ወደ ገደሉ የተጣሉት በወሩ አጋማሽ መሆኑን አመለከተ። አካላቱ ከተጠቀለሉባቸው ወረቀቶች መካከል የሴፕቴምበር 15 ጋዜጣ ነበረበት። በእንግሊዝ ላንካስተር ከተማ የሚኖር ባክ ራክስተን የተባለ ሐኪም ባለቤትና የቤት ሠራተኛዋም የጠፉት በዚያው ሰሞን ነበር። ሐኪሙ ተከሶ ተፈረደበት፤ በሜይ 1936ም በሞት ተቀጣ።

ዝንቡ ገዳዩን በስም አልጠራም። የጋዜጣው ቀን፣ የራስ ቅሉ ምርመራና የጎረቤቶች ምስክርነት ሁሉ ተደምረው ነው ፍርዱ የተሰጠው። የትሉ ዕድሜ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገናኛቸው።

ቆጠራውን የሚያሳስቱ ነገሮች

ዝንብ የሚቆጥረው ሰውየው ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ ሳይሆን እንቁላሉ ከተጣለበት ሰዓት ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት ሊኖር ይችላል። ዝንብ እንደ ልማዱ በሌሊት እንቁላል አይጥልም፤ ከባድ ዝናብና ብርድም ያግደዋል። በጋቢ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በተዘጋ ቤት የቀረ ወይም የተቀበረ አስከሬን ዘግይቶ ነው ዝንብ የሚደርስበት። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ «በዚህ ሰዓት ሞተ» አይልም፤ «ቢያንስ ከዚህን ያህል ቀን በፊት ሞቷል» ይላል።

በተቃራኒው፣ ትል ከሞት በፊት የሚጀምርበት ጊዜም አለ። ከገደል ወድቆ ቆስሎ ለቀናት በሕይወት የቆየ ወይም አስታማሚ ያጣ በሽተኛ፣ እንደ ቆሰለችው በግ፣ በሕይወት ሳለ ቁስሉ ትል ሊያወጣ ይችላል። ይህ ካልተለየ የሞቱ ቀን ከእውነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ትሎች በብዛት ሲከማቹ ደግሞ የራሳቸውን ሙቀት ይፈጥራሉ። በክምችቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በብርድ አገር እንኳ ዕድገታቸው ይፈጥናል። በሟቹ አካል ውስጥ ያለ መድኃኒት ወይም መርዝም የትሉን ዕድገት ሊያፈጥን ወይም ሊያዘገይ ይችላል።

በስሜን አካባቢ ሌላም ነገር አለ። ጥንብ አንሳ፣ አጥንት እየሰበረ የሚበላው ትልቁ አሞራ፣ ቁራና ጅብ ሜዳ ላይ የቀረን በድን ፈጥነው ያገኙታል። ሥጋው በእነሱ ከተበላ ትሉ የሚያድግበት አይኖርም፤ የዝንቡ ምስክርነትም አብሮ ይጠፋል። በገደል ጉያ ወይም በቁጥቋጦ ሥር አሞራ ሳያየው የቀረ አስከሬን ግን የነፍሳቱን ታሪክ ይዞ ይቆያል።

ዝንቡ ከሄደ በኋላ

አስከሬኑ ሲደርቅ ዝንቦች ይቀንሳሉ፤ በምትካቸው ጥንዚዛዎች ይመጣሉ። በተለይ ደረቅ ቆዳና ጅማት የሚበሉት ጥንዚዛዎች የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በመጋዘን የተከማቸ የከብት ቆዳ የሚበሱትም የእነዚሁ ወገኖች ናቸው። በዚህ ደረጃ የሚሰጠው ግምት በቀናት መሆኑ ቀርቶ በሳምንታትና በወራት ይሆናል።

የዝንቡ ባዶ ቅርፊት ደግሞ በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። ቅርፊቱ የሚናገረው ቢያንስ አንድ የዝንብ ትውልድ በዚያ አስከሬን ላይ አድጎ መብረሩን ነው።

ከዚያም በላይ ጊዜ ሲያልፍ ሥራው ወደ አጥንት መርማሪዎች ይተላለፋል። በአገራችን ለዚህ የሚጠቀሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ያደረገው ሥራ ነው። ቡድኑ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ እገዛ በማድረግ በደርግ ዘመን የተገደሉ ሰዎች የተቀበሩባቸውን የጅምላ መቃብሮች ከፍቶ መርምሯል። ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ የመሰከሩት አጥንት፣ ልብስና ከአስከሬኖቹ ጋር የተገኙ ዕቃዎች ነበሩ።

ዳባት የሞትን ምክንያት ስትጠይቅ

የሞትን ነገር በጥንቃቄ መመዝገብ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሲመዘግብ ቆይቷል። ሰው ከሐኪም ቤት ውጭ ሲሞት የሠለጠኑ ጠያቂዎች ወደ ቤተሰቡ ሄደው ስለ ሕመሙ ምልክቶች ይጠይቃሉ፤ ከመልሱ ተነሥቶም የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ይህ አሠራር የቃል አስከሬን ምርመራ ይባላል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው አስታማሚ ሲኖር፣ ሕመሙን ያየ ሰው ሲኖር ነው። ብቻውን በገደል ሥር ለሞተ ሰው ግን የሚጠየቅ ቤተሰብ ምንም አላየም። እዚያ ላይ የሚናገረው አካሉና በላዩ ያደገው ነፍሳት ነው።

በወንጀል ለተጠረጠረ አሟሟት የሚደረገው የአስከሬን ምርመራ በአገራችን ለረጅም ዘመን በዋናነት ሲሰጥ የኖረው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከደባርቅ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አስከሬን ወደ ሩቅ ሆስፒታል ሲጓዝ በመኪና ሙቀት ትሉ ያድጋል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆማል፣ በመንገድም ይራገፋል። ከድንጋይ ሥር የገባው ትልቁ ትል ደግሞ ከነጭራሹ አይሳፈርም። ስለዚህ የነፍሳት ማስረጃ መሰብሰብ ያለበት ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን አስከሬኑ በተገኘበት ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ነው።

የዕድገት ሰንጠረዥም እንደ ዘር ነው፤ የሌላ አገሩ ለእኛ ደጋ ሁልጊዜ አይስማማም። በብዙ አገሮች ተመራማሪዎች የአሳማ በድን ሜዳ ላይ አስቀምጠው የሚመጡትን ነፍሳት በየቀኑ ይመዘግባሉ። በስሜን ግርጌ ደግሞ የሞተ በግ ወይም ፍየል በደባርቅ፣ በዳባትና ከሊማሊሞ በታች በተመሳሳይ ወቅት ቢቀመጥ፣ በክረምትና በበጋ የሚመጡት ዝንቦች በየትኛው ከፍታ ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው ማወቅ ይቻላል። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሙቀት መለኪያ፣ ጠርሙስ፣ አልኮልና በየቀኑ የሚመዘግብ ትጉህ ሰው ይበቃዋል።

አስከሬን ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

• አስከሬኑን አያንቀሳቅስ፣ አይጠብ፣ አይገንዝ። ለሟች ክብር የሚደረገው ሁሉ መርማሪ ካየው በኋላ ይደርሳል። ሟችን ፈጥኖ ማሳረፍ ልማዳችን ቢሆንም፣ ጥቂት ሰዓት መታገሥ ለሟቹም ፍትሕ፣ ለንጹሕ ሰውም መዳን ሊሆን ይችላል።

• ትሉን ለማጥፋት ነጭ ጋዝ፣ ፀረ ተባይ፣ ኖራ ወይም አመድ አያፍስ፤ ይህ ምስክሩን መግደል ነው።

• ያገኘበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታው ፀሐይ ያለበት ወይም ጥላ መሆኑን፣ ዝናብ ወይም ውርጭ ጥሎ እንደሆነ ያስታውስ፤ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ወይም የቀበሌ አስተዳደርም ወዲያውኑ ያሳውቅ።

• ውሻ፣ ጅብና አሞራ እንዳይቀርቡ ከርቀት ይጠብቅ፤ ሰው ተሰብስቦ ዙሪያውን አፈር እንዳይረግጥ ይከላከል።

• በድንገት የሞተ ከብት ወይም በግ ካጋጠመው አይግፈፍ፣ አይንካ። አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገር።

ለመርማሪዎችም ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ትልልቆቹን ትሎች ከተለያየ የአካል ክፍል ማንሣት፤ ከፊሉን በጣም በሞቀ ውኃ ገድሎ በአልኮል ማስቀመጥ፤ ከፊሉን ከጥቂት ሥጋ ጋር በሕይወት ይዞ ዝንብ እስኪሆን ማሳደግ፤ ከአስከሬኑ ሥርና በዙሪያው በብዙ ሜትር ያለውን አፈርና ድንጋይ ፈትሾ ቡናማዎቹን ቅርፊቶች መሰብሰብ፤ የአየሩን፣ የመሬቱንና የትሉን ክምችት ሙቀት ለክቶ መመዝገብ፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ መጻፍ።

የሽምግልና ጉባኤ ተቀምጦ ደም ከማድረቁ በፊት፣ ፍርድ ቤትም ከመፍረዱ በፊት፣ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ፤ እውነተኛው ቀን። በገደል ሥር ያን ቀን መዝግቦ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ዝንቡ ብቻ ነው። መዝገቡ የሚነበበው ግን ቀድሞ የደረሰው ሰው ሳይነካ ካቆየውና ቆጣሪውም የቦታውን ብርድና ሙቀት ከለካ ብቻ ነው።